ለናሆሚ ሆርን ስንት ማርክ ልስጥ

ጥር 25 ቀን 1989፣ እሑድ

እዚህ አገር 1997 ይሉታል። እኔ አልቸኩልም።

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። የቀድሞው ቶሎ ያለቀው ስለ ጎረቤታችን የበረዶ አጠራረግ ብዙ ስለጻፍኩ ነው። በዚህኛው ቁጥብ እሆናለሁ።

ዛሬ ምሳ ላይ ትልቅ ነገር ተወሰነ፤ የተጣለውም እኔ ላይ ነው። የልጅ ልጄ ናሆሚ በመስከረም ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። አባቷ መኳንንት ፋርማሲ ይላል። እሷ ሙዚቃ ትላለች፤ ሆርን ነው የምትነፋው፣ ያንን እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ የናስ መለከት። ለሙዚቃው ፈተና የወላጅ ፊርማ ያለበት ቅጽ እስከ መጋቢት 22 ኤድመንተን መድረስ አለበት።

መኳንንት ሹካውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እኔ የማውቀው ጥሩንባ የመኪና ብቻ ነው። እርስዎ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት መዝሙር አስተምረዋል። ለገዛ ልጅዎ እንኳ ማርክ አልጨመሩም።»

«ሰባ ለመሙላት ሁለት ነበር የጎደለኝ» አለች ልጄ ቆንጅት። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አሁንም ታነሣዋለች።

«ከሰባት ሳምንት በኋላ ኮንሰርት አላት። ይስሟትና ይንገሩኝ። ትችላለች ካሉ እፈርማለሁ። አትችልም ካሉ ፋርማሲ።»

ናሆሚ እኔን አየችኝ። እኔ ሾርባዬን አየሁ። እሺ አልኩ።

«ከዚያ በፊት ግን ጆሮዎን ይታያሉ፤ ቀጠሮ ይዣለሁ» አለች ቆንጅት።

ጆሮዬ ምንም የለውም። በዚህ ቤት አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰው ጠፍቷል፣ ይኸው ነው። እኛ መነኮሳቱ ሲስተሮች ትምህርት ቤት እርሳስ በጥርሳችን ነክሰን ንባብ የተለማመድነው በከንቱ አልነበረም።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ምድር ቤት ወርጄ ልምምዱን ሰማሁ። ወንበሬን ከፊታቸው አስጠጋሁ።

ዘፈኑ የጀርመን ነው፤ ለድምፅ፣ ለሆርንና ለፒያኖ። አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማ ጫካ የገባ አዳኝ ትጠራለች። ሆርኑ አዳኙ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ ይመልስላታል፣ እየቀረበ ይመጣል፣ በመጨረሻ አብረው ይሆናሉ። የምትዘፍነው ሄዘር ትባላለች፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ድምፅ የምታጠና፣ ከኦኮቶክስ ከተማ እየነዳች የምትመጣ፣ በር ላይ ጫማዋን የምታወልቅ። የተገራች ናት። ነገር ግን ተነባቢ የላትም። አናባቢዋ ሲወጣ ት፣ ስ፣ ክ ሁሉ ሆዷ ውስጥ ይቀራሉ። በናሆሚ በኩል ሦስት ጊዜ አስነገርኳት። ሦስተኛው ላይ ምራቋ እስኪረጭ ሞከረች፤ አሁንም ምንም የለም።

«እማማ፣ እኔ ይሰማኛል» አለች ናሆሚ።

«አንቺ ወጣት ነሽ፤ በትንሽ ትረኪያለሽ።»

ለናሆሚ አንድ ሥራ ሰጠኋት። የጀርመንኛውን ግጥም በቃሏ ታጠናለች። ሆርን ቃል የለውም፤ ቃሉን የማያውቅ ነፊ ግን ዘፋኟ በማትተነፍስበት ይተነፍሳል፣ ዓረፍተ ነገሩንም ከመሃል ይቆርጠዋል። ናሆሚ ነፍታ ስትጨርስ ጉልበቴን ነካ አድርጋ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ጥሩ ነው አልኩ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ቺኑክ የሚሉት ነፋስ ገባ። ትላንት ጉልበት የሚደርስ በረዶ፣ ዛሬ ኩሬ። ሞቃት ነፋሱ የከተማውን ሰው ሁሉ ራሱን ያመዋል፤ እኔንም አመመኝ፤ የጆሮ ሐኪሙ ቀጠሮ ተሰረዘ። ቀጠሮው አራት ሰዓት ላይ ነበር። ራስ ምታቱ አራት ተኩል ላይ ለቀቀኝ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ወዳጄ ሽታዬ ደወለች። በዚህ ከተማ ስልክ ላይ በሥርዓት የምትናገር እሷ ብቻ ናት። ቆንጅት ግን «እትዬ ሽታዬ ስትደውል ማንሣት አያስፈልግም፤ ከቤቷ ይሰማል» ትላለች።

«የቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ምን እንደሚሉሽ ልንገርሽ?» አለች ሽታዬ። «ውዳሴ ኮርታለች ይላሉ። ሰላም ስንላት አትመልስም ይላሉ።»

«ከየት ሆነው ነው ሰላም የሚሉኝ?»

«ከኋላ።»

«ሰላምታ ከፊት ነው የሚሰጠው።»

«እኔማ እንደዚያው አልኳቸው። ከዚያ ደግሞ አንዷ ስለ ጆሮሽ...»

መስመሩ ተቋረጠ። የተቋረጠው በእኔ አውራ ጣት ነው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ልምምድ። ናሆሚ ሁለተኛውን ገጽ ስትነፋ ሄዘር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስሜት የገባት መሰለኝ። ናሆሚን ትንፋሽሽ በጣም ተሻሽሏል አልኳት፤ ቀጥ ብላ አየችኝና ሆርኑን ጭኗ ላይ አኖረችው። ልጅቷ ምስጋና ስላልለመደች ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከዚህ በኋላ አበዛላታለሁ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ዛሬ ነበር። ልምምድ አለብኝ አልኩ። እውነት ነው።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ጾሙ ከገባ አራተኛ ቀን። ሽታዬ ኅሊናዋ ተቸግሯል። «በዐቢይ ጾም ዘፈን ልሰማ?»

«ጀርመንኛ ነው። የሚሉትን ታውቂያለሽ?»

«እኔ ከየት አውቄ?»

«ታዲያ ያልገባሽ ነገር ምን ኃጢአት አለው?»

ብዙ ካሰበች በኋላ «አልባሳታቸውንም አላይም» አለች። እንዳሻት።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ከቤተ ክርስቲያን ስምንት ሰው ኮንሰርቱን ሊያይ ተመዘገበ። እነዚህን ሰዎች ሠርግ ላይ አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ እንዲታደል ሕግ አወጣሁ፦ ዘፈኑ እስኪያልቅ አይጨበጨብም። እልልታ የለም። ከረሜላ አይፈታም። ሕፃን አይመጣም። ማጨብጨብ የሚቻለው እኔ ሳጨበጭብ ብቻ ነው።

ቆንጅት ሥራ ቦታዋ ላይ በፎቶ ኮፒ አበዛችልኝ። ስታነበው ለመሳቅ አስባ ተወችው። ሦስተኛውን ቀጠሮ ስላነሣች እኔም የጠፋ መነጽሬን መፈለግ ጀመርኩ። መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር፤ እሷ አልነገረችኝም፤ እኔም እንዳላወቅሁ ሆኜ ፈለግሁ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ቀሚሱ ተተኮሰ። የሆርኑ መንፊያ ጫፍ ጠፋ። ተገኘ፤ ማቀዝቀዣ ላይ። ሽታዬ ጋቢ ልልበስ ትላለች። አይሆንም። ናሆሚ ቁርስ አልበላችም። መኳንንት መኪና እያሞቀ ነው።

መጋቢት 13፣ ማታ

በሥርዓት ልጻፈው።

አዳራሹ መሃል ከተማ ያለ አሮጌ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሦስተኛውን ረድፍ በሙሉ ያዝን። በጫፍ ሽታዬ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ቆንጅት፣ መኳንንት፣ ከዚያ ስምንቱ ሕጉን በእጃቸው እንደያዙ።

ሄዘር በአረንጓዴ ቀሚስ ወጣች። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነችና አፏን ዘጋች። ዓይኗን ወደ ጎን በሩ ላከች። በፒያኖ የምታጅባቸው መምህርትም እጇን ከቁልፎቹ አነሣች። ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

በዚህ መሃል ሽታዬ ብድግ አለች። ምክንያቱን የነገረችኝ በኋላ ነው። ናሆሚ ከበሩ ጀርባ ሆና ሆርኑን ጀምራ ነበር፤ ከሩቅ የሚሰማው አዳኝ እሷ ናት። ሽታዬ ልጅ ሳለች በአገሯ የገዢው መለከት ሲነፋ ተቀምጦ መገኘት ነውር ነበር። «እኔ አልተነሣሁም፤ እግሬ ነው የተነሣው» ትላለች።

ሽታዬ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። እሷ ቆማ ደግሞ የእኛ ሰው አይቀመጥም። ቆንጅት ተነሣች፣ መኳንንት ተነሣ፣ ስምንቱም ተነሡ። ከኋላ ያሉት ፈረንጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ የዘፈኑ ወግ ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ፣ ረድፍ በረድፍ ቆሙ።

ታዲያ እኔ ምን ልበል? ዘፋኟ አፏን ዘግታለች። ፒያኖው ዝም ብሏል። አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። አለቀ ማለት ነው። ተነሥቼ አጨበጨብኩ፤ በደንብ፣ መዳፌ እስኪቀላ። በሕጉ መሠረትም ስምንቱ ተከተሉኝ።

ቆንጅት ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ደስ ባለኝ።

ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ሄዘር ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረች። የጎን በሩ ተከፈተና ናሆሚ እየነፋች ገባች፤ ስትቀርብ እኔም ሆርኑን አገኘሁት። መጀመሪያ ያገኘሁት በእጄ ነው፤ የያዝኩት የፊት ወንበር እንጨት ይርገበገብ ነበር። ቀጥሎ በደረቴ። ከናስ የወጣ ድምፅ አይመስልም፤ ናሱን ጥሎ ሱፍ የለበሰ ነገር ነው። ሄዘር ስትወጣ ከሥሯ ሆኖ ተሸከማት፤ ስታበቃ የተወችውን ይዞ ትንሽ ወሰደላት፣ ከዚያ መለሰላት። ጥሩ ሆርን ዘፋኝን አይቀድምም፣ አይከተልምም፤ ብቻዋን ልትለው ያልቻለችውን ያስጨርሳታል። ከሥልሳ ዓመት በፊት ሲስተር ይህን ስትነግረኝ በሃርሞኒየም ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ሁለቱ አንድ ላይ ተነፈሱ። አሥራ አንድ ቦታ አለ። አሥራ አንዱንም ቆጠርኩ፤ ሁለት ትከሻ በአንድ ቃል ላይ ሲነሣ።

ያየሁት ይህ ነው። የሰማሁትን ግን መኳንንት በመኪና ጠየቀኝ። «እሺ እማማ፣ ምን ይላሉ?»

ደክሞኛል አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ናሆሚ ከኋላ ሆርኑን ታቅፋ እስከ ቤት በመስተዋቱ ታየኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እንዴት እንዳወቅሁ አይጠየቅ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

መኳንንት ጠየቀኝ። ጸሎት ላይ ነኝ አልኩ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ጠየቀኝ። አሁንም ጸሎት ላይ ነኝ አልኩ። «በዚህ ከቀጠሉ ይመነኩሳሉ» አለ። ይህን እንዴት ሰማሁት? ፊት ለፊቴ ስለነበረ ነው።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ናሆሚ ከትምህርት ቤት መጣችና ወንበሯን ከወንበሬ ፊት አደረገች።

«እማማ፣ ካን አይ ሴይ ሳምቲንግ?»

«በአማርኛ።»

«አይሰሙም።» ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያሳየች ነው የተናገረችው። «የዛኔ፣ ላይክ፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ሌላ ነገር ነፋሁ። የቲቪ ማስታወቂያ። የሶፋ።»

«ምን አልኩ?»

«ትንፋሽሽ ተሻሽሏል።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

«ተሻሽሎ ነበር ግን፣ ሪሊ። ማንም ትከሻዬን እንደ እርስዎ አያይም።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ዳዲ ካወቀ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ሌላ ሰው ደግሞ የለም፤ የሚያምነው እርስዎን ብቻ ነው።» እጄን ያዘች። «ጀስት ትችላለች በሉት። ማንም አያውቅም።»

«ያላነበብኩት ወረቀት ላይ ማርክ ጽፌ አላውቅም።»

«ያ ወረቀት ነው እማማ። ይሄ እኔ ነኝ።»

ተነሥታ ወጣች። አልጠራኋትም።

እንግዲህ ልቁጠር። ሰባት ሳምንት በየሐሙሱ ምድር ቤት ተቀምጬ ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ እጅግ ጥሩ ብያለሁ። ይህ ሁሉ ያልተነበበ ወረቀት ነው። በሥራ ዘመኔ ይህን ያደረገ መምህር ቢኖር ለዳይሬክተሯ የምከስሰው እኔ ነበርኩ። አንዲት ቃል፣ «ትችላለች» ማለት፣ እንዴት ቀላል ናት። እውነትም ልትሆን ትችላለች። የሚያስቸግረኝ ይኸው «ትችላለች» የሚለው ነው።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

እራት ላይ ተናገርኩ።

«መኳንንት፣ አልሰማኋትም።»

«የቱን?»

«ሩቅ የሆነውን ሁሉ። ቅርቡንም ግማሹን። ያጨበጨብኩት ስላልሰማሁ ነው።»

መኳንንት ቆንጅትን አየ። ቆንጅት ድስቱን አየች።

«እናውቃለን እኮ እማማ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምና ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ድረስ ከተሰማ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዳኛ አደረግኸኝ?»

አሁን ድስቱን ያየው እሱ ነው። የመለሰችው ቆንጅት ናት። «ለሷ ብለው ሐኪም ጋ ይሄዳሉ ብለን ነዋ። ሦስት ጊዜ ሰረዙት! ለራስዎማ እንደማይሄዱ እናውቃለን።»

በሰባ አራት ዓመቴ ተሸወድኩ፤ ያውም በሥልሳ ስምንት ማርክ ልጅ። ናሆሚ አፏን ከፍታ ወላጆቿን ታያለች። «ማለት... ጆክ ነበር? የኔ ፊርማ?»

«ቀልድ አይደለም» አለ መኳንንት። «እኔ በእውነት አላውቅም፤ እማማ ያውቃሉ። ቃሌ እንዳለ ነው። ቀኑም እንዳለ ነው፣ አምስት ቀን ቀርቷል።»

ለነገ ቀጠሮ ያዙልኝ አልኩ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ሽታዬ አጅባኝ በባቡር ሄድን። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፤ ድምፅ ስትሰሚ ቁልፉን ተጫኚ ተባልኩ። ባለሙያዋ በመስኮቱ ስትታይ እጇ ሲንቀሳቀስ ቁልፉን ተጫንኩ። ዘጠኝ በተከታታይ አገኘሁ። ከዚያ ገባችና ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዞረችው። እኔም ተማሪዎቼን እንደዚሁ ነበር የማደርጋቸው፤ አከበርኳት።

ወረቀቱን አሳየችኝ። ወፍራሙ ድምፅ ብዙም አልተጎዳም። ቀጭኑ፣ የ«ስ»ና የ«ት» አገር፣ የለም። የሄዘር ተነባቢዎች የት እንደቀሩ ገባኝ። ሆዷ ውስጥ አልነበሩም።

የራሴ የመስሚያ መሣሪያ እስኪሠራ የሙከራ አዋሱኝ፤ ለሁለቱም ጆሮ። ውጭ ስወጣ ካፖርቴ ይንኮሻኮሻል፣ ቁልፎች ይጮኻሉ፣ የራሴ ጫማ ይከተለኛል። ሽታዬ «እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ሽታዬ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አልኩ።

ቆማ አየችኝ። በሃያ ዓመት ወዳጅነት እንዲህ ተብላ አታውቅም። ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ነፋሱ ነው አለች፤ ነፋስ አልነበረም።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዛሬ የእነሱ ፋሲካ ነው፤ የእኛ ገና አራት ሳምንት ይቀረዋል። ሄዘር የቤተሰቧን ምሳ ትታ ከኦኮቶክስ መጣች፤ በጾም ቤት የቸኮሌት እንቁላል ይዛ። ፒያኖ ስለሌለን ያለ ፒያኖ ሆነ። ናሆሚ ለመጀመሪያው ክፍል ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና ቀይ እስክሪብቶ አደረግሁ። መኳንንትና ቆንጅት ሶፋው ላይ እንደ ተከሳሽ ተቀመጡ።

ሄዘር ዘፈነች። እያንዳንዱ ት እንደ ጠጠር፣ እያንዳንዱ ስ እንደ መቀስ። ይህች ልጅ ሰባት ሳምንት ሙሉ በእኔ ተሰድባለች። ከዚያ አፏን ዘጋች። ያ «ጸጥታ» መጣ፤ በውስጡም ከልብስ ማጠቢያው በር ጀርባ ቀጭን፣ የራቀ፣ ልክ ማዶ ተራራ ላይ ሰው የቆመ የሚመስል ሆርን። ሳትሰሚው ያለፍሽው ይህን ነው ውዳሴ፤ በላዩ ያጨበጨብሽበት ይህ ነው።

አላለቀስኩም፤ ፈታኝ ነኝ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ።

ሲያበቃ ሦስት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ ሄዘርን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በራሴ እንግሊዝኛ፣ ያለ አስተርጓሚ። ሁለተኛ፣ ናሆሚን ከፊቴ አቆምኳት።

«ከፍተኛዋን ኖታ ሁለት ጊዜ ሰነጠቅሻት።»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«ብዙ ጊዜ።»

«እኔ ምን እል ነበር?»

«እጅግ ጥሩ።»

«ያ ተሰርዟል። ታችኛው ድምፅሽ ንጹሕ ነው። የሩቁ ክፍል ከሁሉ የበለጠ ነው፤ ለመስማት የሚለፋ ሰው እንዳለ አውቀሽ ነው የምትነፊው። መግቢያሽ ሁለት ቦታ ዘግይቷል። ትንፋሽሽ እንከን የለውም። ሰባ አንድ።»

መኳንንት ከሶፋው ተነሣ። «ሰባ አንድ? ፋርማሲ እኮ በሰባ አንድ አያስገባም።»

«እኔ ከሰባ በላይ የሰጠሁት በሠላሳ አንድ ዓመት ለአራት ሰው ነው። ይህች አምስተኛ ናት።»

«ከአራቱ እኔ አልነበርኩበትም» አለች ቆንጅት፤ ለሄዘርም በእንግሊዝኛ ተረጎመችላት።

«ማለት ትችላለች?» አለ መኳንንት።

«ትችላለች።»

ሦስተኛው ነገር፣ እስክሪብቶዬን አቀበልኩት። ቅጹ በቀይ ተፈርሟል፤ ኤድመንተን ይቻለው።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ቅጹ ትላንት በፋክስ ሄደ። የፈተናው ቀን ሚያዝያ 25 ነው። አምስት ሳምንት ጠባብ ነው።

ናሆሚ ምድር ቤት እየተለማመደች ነው። ከፍተኛዋ ኖታ ዛሬም ተሰነጠቀች። ደረጃው አናት ላይ ሄጄ «እንደገና» አልኩ።

ሆርኑ ቆመ። «ከዚያ ሆነው ሰሙት እንዴ?» አለች ከታች።

አልመለስኩላትም። ይህን ጊዜ ግን ስላልፈለግሁ ነው።